ለጆሮ ወይስ ለዐይን?

ውድ ወጣቶች፣ አንድ ጥያቄ ላንሣላችሁ። ከመካከላችሁ አንዱ ከደመወዙ ለወራት ቆጥቦ ለቤቱ ውድ አምፕሊፋየርና ስፒከር ቢገዛ ገንዘቡን በከንቱ አጠፋ ትሉታላችሁ? «መዝሙር ልሰማበት ነው» ቢላችሁስ?

ከመፍረዳችን በፊት ነገሩን እንመርምር። በስልካችን መዝሙር ስንሰማ የቤዝ ጊታሩና የከበሮው ዝቅተኛ ድምፅ አብዛኛው ይጠፋል። ዝቅተኛ ድምፅ ለማውጣት ብዙ አየር መግፋት ያስፈልጋል፤ የስልኳ ትንሽ ስፒከር ደግሞ ያን አቅም የላትም። ስለዚህ ደኅና ስፒከር የዘማሪውንና የሙዚቀኞቹን ድካም አሟልቶ ያሰማል። ይህን መካድ እውነትን መካድ ነው።

ነገር ግን ልዩነቱ ከዋጋው ጋር እኩል አያድግም። ጤናማ የሰው ጆሮ የሚሰማው በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 የሚደርስ ንዝረትን ነው፤ ዕድሜ ሲጨምር የላይኛው ወሰን ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እንዲለካ የተደረገው ይህን ወሰን ለመሸፈን ነበር። ከዚያ በኋላ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ መጋረጃ መስቀልና ስፒከሩን ከግድግዳ ራቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ከውድ ገመድ የበለጠ ይጠቅማል።

እኔ ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው። ውድ አምፕሊፋየር በገዛሁ ሰሞን አንድ ጓደኛዬ የራሱን ርካሽ አምፕሊፋየር ይዞ ቤቴ መጣ። ጀርባዬን ሰጥቼ እንድቀመጥ አደረገኝና ሁለቱን በየተራ ከስፒከሮቼ ጋር እያገናኘ አንድ መዝሙር አሰማኝ። «የአንተ የትኛው ነው?» አለኝ። ሳላመነታ መረጥኩ፤ የመረጥኩት ግን የእርሱን ነበር። ለካ የእርሱን ድምፅ ትንሽ ከፍ አድርጎታል፤ ትንሽ ከፍ ያለ ድምፅ ደግሞ የተሻለ መስሎ ይሰማል። እኩል ሲያደርጋቸው ጭራሽ መለየት አቃተኝ።

ሳቅን። እርሱ ከሄደ በኋላ ግን ሳቁ ቀረ። በጆሮዬ ካልለየሁት ለምን ፈለግሁት? እውነቱን ለመናገር እንግዳ ሲገባ እንዲያየው ነበር። ከዚህ የከፋም ነገር ነበር። ዕቃውን ለመግዛት ገጠር ላለችው እናቴ በየወሩ የምልከውን ገንዘብ «ደመወዝ ዘገየ» ብዬ ሁለት ወር አስቀርቻለሁ።

ታዲያ ውድ ነገር ሁሉ ብክነት ነው? እንዲህ ለማለት ስንቸኩል የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ያስቆመናል። የቢታንያዋ ማርያም በጌታ እግር ላይ ያፈሰሰችው ሽቱ 300 ዲናር ያወጣ ነበር፤ የአንድ የቀን ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ ያህል። በድሆች ስም የተቃወማት ይሁዳ ነበር፤ ወንጌላዊው ግን ይሁዳ ለድሆች ተጨንቆ እንዳልሆነ ይነግረናል። እኛም የሌላውን ግዢ ስንነቅፍ ቅናታችንን በድሆች ስም እንዳንሸፍን እንጠንቀቅ።

ነቢዩ አሞጽ ደግሞ በምዕራፍ 6 በዝሆን ጥርስ አልጋ ተጋድመው በዜማ የሚደሰቱትን ይወቅሳል። የወቀሳው ፍሬ ነገር ስለ ወገናቸው ጥፋት አለማዘናቸው ነው። ጆሯቸው ለዜማ ተከፍቶ ለወገን ተዘግቶ ነበር።

እንግዲህ መጠየቅ ያለብን «ስንት ብር ነው?» ብለን ብቻ አይደለም። ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? ማርያም የራሷን ሰጠች፤ መዓዛውም ቤቱን ሁሉ ሞላ። የእኔን ዕቃ ዋጋ ግን ሳታውቅ የከፈለችው እናቴ ነበረች።

ደውዬ ነገርኳት። ጥቂት ዝም አለችና «ከእኔ መደበቅህ ነው የከፋኝ» አለችኝ። ቀጥላም «እስቲ አሰማኝ» አለች። ስልኩን ወደ ስፒከሩ አስጠግቼ መዝሙሩ እስኪያልቅ ያዝኩላት። ቤዙ እንደማይደርሳት አውቅ ነበር።

የሁለቱን ወር ገንዘብ ከፍዬ ጨርሻለሁ። አምፕሊፋየሩ አሁንም ቤቴ አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈራችን ልጆች መዝሙር ያጠኑበታል። እናንተም ልትገዙ ስታስቡ መጀመሪያ ድምፁን ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። ከዚያ ዐይናችሁን ክፈቱና ዋጋውን ከእናንተ ጋር የሚከፍል ሌላ ሰው እንዳለ ተመልከቱ።