የመኪና መድን ውልን አንብቦ ስለመፈረም

ከወረታ ተነሥቶ በዓለም ሳጋ ደን በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው፣ ከዚያም በክምር ድንጋይ አድርጎ የጉና ተራራን ግርጌ እየታከከ ወደ ነፋስ መውጫ የሚዘልቀው መንገድ ዳገትና ጠመዝማዛ የበዛበት፣ በክረምት ጉም የሚወርድበት በመሆኑ፣ በዚህ መስመር መኪና የሚያሠራ ሰው የገባው መድን ምን እንደሚሸፍን አደጋ ሳይደርስ ጠንቅቆ ሊያውቅ ይገባዋል። ብዙ ባለንብረቶች ግን የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት በመስታወታቸው ላይ ስለለጠፉ ብቻ መኪናቸው ራሱ መድን የተገባለት ይመስላቸዋል።

የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገ ግዴታ ሲሆን፣ የሚጠብቀው የባለንብረቱን መኪና ሳይሆን በመኪናው የሚጎዳውን ሌላ ሰውና ንብረቱን ነው። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት ወይም አካል ጉዳት የተቀመጠው የካሳ ጣሪያ 40,000 ብር፣ ለንብረት ደግሞ 100,000 ብር ነበር፤ ፍርድ ቤት በጊዜው ካለው ጣሪያ በላይ ካሳ ከወሰነ ትርፉን የሚከፍለው ባለንብረቱ ነው። ገደል የገባው የራሱ መኪናም የሚጠገነው በፈቃድ የሚገባ ሙሉ መድን ካለው ብቻ ነው፤ አለዚያ ወጪው ከኪሱ ይወጣል።

ሙሉ መድን የገቡትም ቢሆኑ የሚሳሳቱበት ቦታ አለ፤ ከሁሉም የሚያሳዝነውም ይህ ነው። አረቦን፣ ማለትም መድን ገቢው ለሽፋኑ የሚከፍለው ገንዘብ፣ በአብዛኛው ከመኪናው ዋጋ ላይ ስለሚሰላ፣ ክፍያውን ለማሳነስ ሲባል ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብ፣ ወይም ከዓመታት በፊት በተጻፈው ዋጋ ውሉን ማደስ ተለምዷል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ መሠረት ግን ከእውነተኛ ዋጋው በታች መድን የተገባለት ንብረት ሲጎዳ፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር፣ ካሳው በዚያው መጠን ይቀንሳል። 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ1 ሚሊዮን ብር ተመዝግቦ የ400,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት የሚታሰበው 200,000 ብር ሲሆን፣ ከዚህም ላይ መድን ገቢው ራሱ እንዲሸከመው በውሉ የተጻፈው ድርሻ ይነሣል። በተለይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ አሠራር ተለውጦ የመኪና ዋጋ ከናረ ወዲህ የድሮውን ዋጋ ይዞ መቆየት ትልቅ ኪሳራን መጋበዝ ስለሆነ፣ ባለንብረቱ በየእድሳቱ የወቅቱን የገበያ ዋጋ ማስመዝገብ ይኖርበታል።

መኪናው የሚሠራበትን አገልግሎትም በእውነት መግለጽ ያስፈልጋል፤ ለግል ተብሎ የተመዘገበ መኪና በገበያ ቀን መንገደኛ እያስከፈለ ሲጭን ቢገለበጥ፣ መድን ሰጪው ውሉን ጠቅሶ ካሳ ሊከለክል ይችላልና።

አደጋ ከደረሰ ከንብረት አስቀድሞ የተጎዳውን ሰው ወደ ቅርቡ የጤና ተቋም ማድረስ፣ ለፖሊስና ለመድን ሰጪውም ሳይዘገዩ ማስታወቅ ይገባል። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጁ ሲወጣ ለተጎጂው አስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር መድቦ፣ የመንግሥትም ሆነ የግል ጤና ተቋም ሕክምናውን እንዲሰጥ ስላስገደደ፣ ማንም አሽከርካሪ የሕክምና ወጪን ፈርቶ የወደቀ ሰው ትቶ መሄድ የለበትም።