ካልቀና ምኑን ወደደኝ?

ባለፈው እሑድ እህቴ ቤት ምሳ ተጋብዤ ነበር። ማዕድ ቀርቦ፣ እጃችንን ታጥበን ገና መብላት ስንጀምር የእህቴ ልጅ ስልክ ጮኸ። አነሳችው። «ቤት ነኝ፤ አጎቴ መጥቶ ምሳ እየበላን ነው» ብላ ዘጋችው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ እንደገና ጮኸ። አሁን ምስል የሚያሳየው ጥሪ ነው። ስልኳን አዞረችና ማዕዱን፣ እናቷን፣ በመጨረሻም እኔን አሳየችው። ምን ላድርግ፣ ወጥ የነካ እጄን አንስቼ ሰላም አልኩት። ልጁ ፈገግ ብሎ በትሕትና አንገቱን ደፋ። መልከ መልካም፣ ጨዋ የሚመስል ልጅ ነው። ቡናው ቶና እስኪደርስ ድረስ ግን ስልኩ እኔ የቆጠርኩትን ብቻ 11 ጊዜ ጮኸ።

«ምነው፣ ችግር አለ እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ ምንም የለም ጋሼ» አለች እየሳቀች። «እሱ እንዲህ ነው። በጣም ይወደኛል፣ ይቀናል።»

«ይወደኛል»ን እና «ይቀናል»ን ሳትተነፍስ ነው ያያያዘቻቸው፤ አንድ ቃል አስመሰለቻቸው። እህቴም ከረከቦቱ ቀና ሳትል «ካልቀናማ ምኑን ወደደ?» አለች። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው ሳቁ ያስጨነቀኝ።

መቼም ቅናትን ቋንቋችን ራሱ አክብሮታል። ለአገሩ ቀናኢ፣ ለሃይማኖቱ ቀናኢ የምንለው ስንወቅስ ሳይሆን ስናመሰግን ነው። ለሚወዱት ነገር ዘብ መቆም ነውና። ችግሩ የሚመጣው ዘብ የሚቆምለት ነገር እግርና ሐሳብ ያለው ሰው ሲሆን ነው። ሰው አጥር አይታጠርበትም። የታጠረበት ዕለት ዘበኛው ዘበኛ መሆኑ ይቀርና ሌላ ስም ያስፈልገዋል።

ይህን የምጽፈው የዛሬ ወጣቶችን ለመውቀስ አይደለም። መውቀስ ካለብኝ ከራሴ ልጀምር። የዛሬ 20 ምናምን ዓመት፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ጓደኛ ነበረችኝ። ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ማታ ማታ ከክፍሏ ልጆች ጋር ቤተ መጻሕፍት ተቀምጣ ታጠናለች። ከልጆቹ ሁለቱ ወንዶች ነበሩ። በዚያን ጊዜ የእጅ ስልክ አልያዝንም፤ ስለዚህ የምደውለው በእግሬ ነበር። በአንድ ምሽት ሦስት አራት ጊዜ እየሄድኩ በመስኮት አያለሁ። አንድ ማታ ከአንደኛው ልጅ ጋር ስትስቅ አየሁና ጠርቼ አስወጣኋት። ክንዷን ይዤ ነበር የማነጋግራት። ምን ያህል አጥብቄ እንደያዝኳት ያወቅሁት በማግስቱ፣ በዚያ ሙቀት ሹራብ ለብሳ ስትመጣ ነው። የዶርሜ ልጆች «ወንድ ነህ!» አሉኝ። እኔም ካርድ ገዝቼ፣ አበባ ይዤ ሄጄ ታረቅን። አለቀሰች፤ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ ከልጆቹ ጋር ማጥናቱን ተወችው።

ለብዙ ዓመት ይህን ታሪክ ሳስታውስ የምጽናናባት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ፦ «እኔ ተይ አላልኳትም፤ ራሷ ናት የተወችው።»

እውነት ነው፣ ተይ አላልኳትም። ነገር ግን «ራሷ» የምትለዋን ቃል ቀረብ ብዬ ሳያት ትፈርስብኛለች። ያቺ ልጅ በአንድ በኩል ጥናቷን፣ በሌላ በኩል የእኔን ፊት መጥቆር፣ የሹራቡን ማታ፣ የዶርሙን ሐሜት አስቀምጣ ነው የመዘነችው። «እንቢ» ማለት እንዲህ የሚያስከፍል ከሆነ «እሺ»ው የማን ነው? ዘራፊ «ገንዘብህን ወይስ ነፍስህን?» ብሎት ቦርሳውን ያወጣ ሰው ሰጠ አንልም። ፍቅር ውስጥ ሲሆን ግን «ፈቅዳ ነው» ማለት ይቀናናል፤ ምክንያቱም የተደገነው መሣሪያ አይታይም። ኩርፊያ ነው፣ ዝምታ ነው፣ «ራሴን አጠፋለሁ» የሚል ዛቻ ነው።

«ታዲያ በምን ይለያል? ሁሉም ፍቅረኛ ያኮርፋል» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። እኔ ዘግይቼ የገባኝን አንድ ምልክት ልንገራችሁ። ያቺ ልጅ በመጨረሻዎቹ ወራት ከመሳቋ በፊት ፊቴን ታይ ነበር። ሰው ቀልድ ሲናገር መጀመሪያ ወደ እኔ ዞር፣ ከዚያ ሳቅ። ያኔ ማክበር መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሑድ ዕለት ደግሞ የእህቴ ልጅ «ለበዓል የት ነሽ?» ብዬ ስጠይቃት፣ ከመመለሷ በፊት አየት ያደረገችው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ ነው።

በሕግ በኩል መልስ ፈልጌ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 564 በትዳር ወይም ያለ ጋብቻ አብረው በሚኖሩ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት ለይቶ ይጠቅሳል። እሷ እናቷ ቤት፣ እሱ አባቱ ቤት የሚያድሩ ፍቅረኛሞች እዚያ አንቀጽ ውስጥ ስም የላቸውም። በእርግጥ ዱላ ዱላ ነው፤ የአካል ጉዳትም ዛቻም በሌሎቹ አንቀጾች ያስጠይቃል። ግን የትኛውም አንቀጽ 11 የስልክ ጥሪን አይቆጥርም፤ ይቁጠርም አልልም። ይህ ለፖሊስ የሚነገር ሳይሆን በምሳ ሰዓት የሚታይ ነገር ነው። ምሳው ላይ የነበርነው ደግሞ እኛ ነን፤ ሳቅን።

ለምን እንደሳቅን የሚጠቁም ቁጥር አለ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሴቶችንም ወንዶችንም ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንባቸው ምክንያቶች እንዳሉ ጠይቆ ነበር። ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆች ብትዘነጋ፣ አልጋ ብትከለክለው። ቢያንስ በአንዱ ይገባታል ያሉት ከወንዶቹ 28 በመቶ ሲሆኑ ከሴቶቹ 63 በመቶ ናቸው። ወንዶቹ ምን ብሎ መመለስ እንደሚያምር ከሴቶቹ ቀድመው ተምረው ይሆን ብዬ እጠረጥራለሁ። ሦስተኛዋን ምክንያት ግን ልብ በሏት፦ ሳትነግረው ብትወጣ። የ11ዱ ጥሪ አያት እሷ ናት።

ላጋንን አልፈልግም። በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሲከታተላት በቆየ ሰው አሲድ የተደፋባትን ወጣት የማያስታውስ የዚያ ዘመን አንባቢ የለም። ያኔ ታክሲ ውስጥ «ከፍቅር ብዛት እኮ ነው» ያለ ሰው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስልክ ደጋግሞ የሚደውል ሁሉ እዚያ ይደርሳል ማለት ነውር ነው፤ እኔም አልደረስኩም። ሴቶችም የወንድ ስልክ ይበረብራሉ፣ የይለፍ ቃል ካልሰጠኸኝ ብለው ያኮርፋሉ፤ ቁጥጥሩ ቁጥጥር ነው፣ ፍርሃቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እኩል አይደለም።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሁለት ወጣት ፍቅረኛሞች አሉ። እሷ ለሦስት ወር ሥልጠና ሐዋሳ ትሂድ ተባለ። ልጁ ቀንቷል፤ ሻይ ቤት ተቀምጦ «እንቅልፍ አጣሁ» ብሎ ነግሮኛል። ለእሷም ነግሯታል፦ «ከፋኝ፣ ፈራሁ፤ ግን ሂጂ።» በሌሊት ተነስቶ ሻንጣዋን ተሸክሞ መናኸሪያ ሸኛት። እንግዲህ እሱም ይቀናል፣ እኔም እቀና ነበር። ልዩነቱ እሱ ቅናቱን ራሱ ተሸከመው፤ እኔ የእኔን አሸክሜያታለሁ። ቅናት መሰማቱ ኃጢአት አይመስለኝም። ሰው በሚሰማው ስሜት አይፈረድበትም፤ ሒሳቡን ለማን እንደሚልከው ግን ይጠየቃል።

ትናንት ማታ እህቴ ቤት ተመልሼ ሄድኩ። «ተይው» ልላት አልፈለግሁም፤ ተይው የተባለች ልጅ ፍቅሯን ሳይሆን ለእኛ መናገሯን ነው የምትተወው። ስለዚህ የሹራቡን ታሪክ ነገርኳት፤ ለእህቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።

«ይቅርታ ጠይቀሃታል ጋሼ?»

«ካርድ ሰጥቻት ነበር።»

«እሱማ እንድትመለስልህ ነው» አለች።

የምመልሰው አልነበረኝም። ያቺ ልጅ ዛሬ የት እንዳለች እንኳ አላውቅም። ዝም ብለን ተቀምጠን ሳለ ስልኩ ጮኸ። ትንሽ አየችው። ከዚያ ብድግ ብላ ወደ በረንዳ ወጣችና በሩን ገርበብ አደረገችው። ምን እንዳላት አልሰማሁም። ሦስት ጊዜ «እሺ» ስትል ሰማሁ።