ሁለተኛው ወንበር

ሰው ለመኖር ስንት ዕቃ ይበቃዋል? ይህ የቆየ ጥያቄ ነው። ፈላስፎች ተከራክረውበታል፤ መነኮሳት በኑሯቸው መልሰውታል፤ እናቶቻችንም ሣጥን ከፍተው የማይለበሰውን ልብስ ሲያዩ ሳያስቡት ይጠይቁታል። እኔም ከወጣትነቴ ጀምሮ መልሱን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። «ጥቂት ይበቃል» እል ነበር፤ ይህንንም በማለቴ ራሴን ከብዙ ሰው የተሻልሁ አድርጌ እቈጥር ነበር። ይህን አሳቤን ያናጋብኝ መጽሐፍ ወይም መምህር አይደለም፤ አንድ ጠባብ የሆቴል ክፍልና በውስጡ ያልነበረ አንድ ወንበር ነው። ነገሩን እንደ ሆነው አድርጌ እነግራችኋለሁ፤ ፍርዱን ግን ለእናንተ ለወጣቶች እተዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአምስት ቀን ሥራ ወደ ዋሽንግተን ሄድሁ። ከከተማው ወሰን ባሻገር ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባለው ሥፍራ አክስቴ ከልጃቸው፥ ከልጃቸው ባልና ከሦስት የልጅ ልጆች ጋር ሁለት መኝታ ቤት ባለው ቤት ይኖራሉ። መምጣቴን በሰሙ ጊዜ ስልክ ደውለው «አልጋህ ተነጥፏል» አሉኝ። እኔ ግን «እትዬ፥ ላስቸግራችሁ አልፈልግም፤ ሆቴል ይዣለሁ» ብዬ መለስሁ። ይህ አነጋገር ትሕትና ይመስላል። በዚያን ጊዜ ለእኔም ትሕትና መስሎኝ ነበር።

ሆቴሉ ሾው በሚባለው ሰፈር፥ ከዩ ስትሪት አጠገብ ነበር። ይህ ሰፈር ዛሬ ዘመናዮች የሚወዱት ሰፈር ነው፤ ታሪኩ ግን ረጅም ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።) ጥቁሮችና ነጮች በአንድነት እንዳይቀመጡ በተከለከለበት ዘመን የዋሽንግተን ጥቁሮች ትምህርት ቤታቸውን፥ ቲያትራቸውንና ሱቃቸውን የሠሩት በዚህ ነው፤ ስመ ጥሩው ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተንም ያደገው በዚሁ ነው። በሚያዝያ 1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ ጊዜ የተነሣው ሁከት ሰፈሩን አቃጠለው፤ ብዙ ዘመንም ፈርሶ ኖረ። በ1991 የምድር ባቡር ጣቢያ ተከፈተበት። የሀገራችንም ሰዎች በዩ ስትሪትና በዘጠነኛው መንገድ ምግብ ቤት እየከፈቱ ሰፈሩን ካነሡት ሰዎች መካከል ተቈጠሩ። ሰፈሩ ሲያምር ግን ኪራዩ ከፍ አለ፤ ኪራዩ ከፍ ሲል ደግሞ ቀድሞ ከነበሩት ጥቁሮችም፥ በኋላ ከመጡት ወገኖቻችንም ብዙዎቹ ወደ ዳርቻው ሄዱ።

ክፍሌ ከበሩ እስከ መስኮቱ ስድስት እርምጃ ነበር። ግድግዳው ነጭ፥ ወለሉ እንጨት ነው። አልጋው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተጋድሟል፤ ከሥሩ ሻንጣ የሚገባበት መሳቢያ አለው። ቁም ሣጥን የለም፤ በእርሱ ፈንታ አምስት የእንጨት ማንጠልጠያዎች ግድግዳው ላይ ተተክለዋል። ከማንጠልጠያዎቹም በአንደኛው ላይ አንድ ታጣፊ በርጩማ ተሰቅሏል። መቀመጥ ያማረው ያወርደዋል፤ የጨረሰ መልሶ ይሰቅለዋል። በሩ የሚከፈተው በካርድ ነው፤ ካርዱንም የሚሰጥ ማሽን እንጂ ሰው አይደለም። ዋጋው ከድሆች ማደሪያ የተሻለ፥ ከባለጠጎች ሆቴል ደግሞ በብዙ ያነሰ ነበር።

የዚህን አሠራር ብልኀት ማወቅ ይገባል። ክፍሉ ሲጠብ በአንድ ፎቅ ላይ ብዙ ክፍል ይወጣል፤ የውዱ መሬት ዋጋ ለብዙ እንግዳ ይከፋፈላል። ዕቃው ሲያንስ የሚሰበርና የሚጠገን ይቀንሳል። ሶፋና መጻፊያ ጠረጴዛ ከየክፍሉ ወጥተው በታችኛው አዳራሽ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ሆነዋል። ይህ ሁሉ የሒሳብ ነገር ነው፤ ሒሳቡም ትክክል ነው።

እኔ ግን የሒሳቡን ክፍል ሳይሆን የጻድቁን ክፍል ያየሁ መሰለኝ። በመጀመሪያው ሌሊት በአልጋዬ ላይ ተጋድሜ ማንጠልጠያዎቹን እያየሁ «የመነኵሴ ቤት ማለት ይህ ነው» አልሁ። ሊቃውንት የጻፉለት ዲዮጋንም ትዝ አለኝ። ይህ የግሪክ ፈላስፋ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት በአቴና ከተማ በትልቅ ጋን ውስጥ ይኖር ነበር ይባላል። ዕቃውም አንድ ጽዋ ነበረች፤ አንድ ቀን ሕፃን ልጅ በእጁ እየጨለፈ ውሃ ሲጠጣ አይቶ «ይህ ልጅ በልጦኛል» ብሎ ጽዋይቱን ወረወራት ይላሉ። እኔም በርጩማዬን በማንጠልጠያ ላይ ሳይ የዲዮጋን ወንድም የሆንሁ መሰለኝ። ሁለት ሌሊት እንዲህ በራሴ ደስ እያለኝ አደርሁ።

በሦስተኛው ቀን ማታ አክስቴ መጡ። ከሥራ ውለው፥ በምድር ባቡር ተሳፍረው፥ በመካከልም ወርደው ሌላ ባቡር ለውጠው፥ እንጀራ በጨርቅ ጠቅልለው ዶሮ ወጥ በክዳን ዕቃ ይዘው መጡ። አዳራሹ ውስጥ ልንቀመጥ ስንል «ከውጭ የመጣ ምግብ አይበላም» የሚል ጽሑፍ አየን። ስለዚህ ወደ ክፍሌ ወጣን።

አክስቴ ሃያ ዓመት ያህል በሆቴል ክፍል በማጽዳት የኖሩ ሴት ናቸው። ክፍሉን ያዩት እኔ ባየሁበት ዐይን አይደለም። ማዕዘኑን፥ አንሶላውንና የመታጠቢያውን በር በአንድ ጊዜ ቃኙና «ጥሩ ነው፤ ቶሎ ይጸዳል» አሉ። ጥቂት ቈይተውም «ዳሩ ግን ክፍሉ ሲያንስ በቀን የሚሰጡሽ ክፍል ይበዛል እንጂ ሥራው አይቀንስም» አሉ። ከዚያ በኋላ ምግቡን የት እንደሚያስቀምጡ ፈለጉ። ጠረጴዛ የለም። ጨርቁን አልጋው ላይ አነጠፉና እንጀራውን በእርሱ ላይ ዘረጉ። በርጩማውን አውርጄ ሰጠኋቸው፤ እኔ ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ጕልበታችን ይነካካ ነበር። መስኮቱ የማይከፈት ስለ ነበረ የወጡ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ በዚህም ሁለታችን ሳቅን።

ጥቂት ጕርሻ እንደ በላን አክስቴ ዙሪያውን ተመልክተው፦

«ልጄ፥ ሰው ቢመጣብህ የት ታስቀምጠዋለህ?» አሉኝ።

እኔም ሳላስበው «እትዬ፥ ሰው ይመጣብኛል ብዬ አልተከራየሁትም» አልሁ።

«እንግዲያው እኔ ማን ነኝ?» አሉ።

ይህን ያሉት በቍጣ አልነበረም፤ እንዲያውም ጕርሻ ጠቅልለው ወደ አፌ እያቀረቡ ነበር። ነገሩ የከበደኝም ስለዚህ ነው። ቀጥለውም ስለ ቤታቸው ነገሩኝ። ትንሹ የልጅ ልጃቸው የሰባት ዓመት ልጅ ነው። እንግዳ ይመጣል ተብሎ አልጋውን ለእኔ ለቅቆ ነበር። ሆቴል መያዜን ቢነግሩትም «ሌሊት ቢመጣስ?» እያለ ሁለት ሌሊት ከወለል ላይ ተኝቷል። «ተመለስ ብንለው እንቢ አለ፤ እንግዳ የሚመጣበት ልጅ መሆኑ ደስ ብሎታል» አሉኝ። እኔ «ላላስቸግራችሁ» ብዬ የሄድሁባቸው ሰዎች ችግር ሳይሆን ደስታ እንደ ቀረባቸው ያን ጊዜ ገባኝ።

በማግሥቱ ጧት ወደ ሥራዬ ስሄድ በአሥራ ሦስተኛው መንገድና በቲ ስትሪት ማዕዘን አንድ ትልቅ የጡብ ሕንፃ አየሁ። ይህ ሕንፃ ቀድሞ ኋይትሎ ሆቴል ይባል ነበር። ከተራ የጕልበት ሥራ ተነሥቶ የቁጠባ ባንክ እስከ ማቋቋም የደረሰው ጆን ኋይትሎ ልዊስ በ1919 ያሠራው ሆቴል ነው። ንድፉን ያወጣው አይዛያ ሐተን የሚባል ጥቁር መሐንዲስ ነው፤ ገንዘቡም የመጣው ከጥቁሮች ነው። በዚያን ጊዜ ጥቁር መንገደኛ በከተማው መካከል ባሉት ትልልቅ ሆቴሎች አልጋ አይሰጠውም ነበር። የሆቴሉ ትልቁ ኵራት የእንግዳ መኝታው ሳይሆን አዳራሹ ነበረ፤ የሰፈሩ ሰው ለግብዣና ለጭፈራ ይሰበሰብበት ነበርና። ሆቴሉ በ1977 ተዘጋ፤ ከዚያም ተቃጠለ፤ በ1992 ታድሶ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተ ሰቦች መኖሪያ ሆነ።

ከሕንፃው ፊት ቆሜ ሁለቱን ሆቴሎች አመዛዘንሁ። ያንደኛው መነሻ «ሌላው በር ቢዘጋበት ሰው ወዴት ይግባ?» የሚል ጥያቄ ነው። የእኔው ምርጫ መነሻ ግን «ሰው እንዳይገባብኝ ምን ላድርግ?» የሚል ነበር። ጥፋቱ የሆቴሉ አይደለም፤ ሆቴሉ የጠየቅሁትን ነው የሸጠልኝ።

ከዚህ በኋላ ዲዮጋንን ደግሜ አሰብሁት። የዲዮጋን ጋን የቆመው በገበያ መካከል ነበር፤ በርም ካርድም አልነበረውም። የፈለገ ሰው መጥቶ ይሟገተው፥ ይሰድበው፥ ይጠይቀው ነበር። ዕቃውን የቀነሰው ከሰው ለመሸሽ ሳይሆን በእርሱና በሰው መካከል የሚቆመውን ለማስወገድ ነው። የገዳም መነኵሴም እንደዚሁ ነው። ጎጆው ጠባብ ናት፤ ነገር ግን የመሸበት መንገደኛ ቢመጣ ማረፊያና አንድ ጭብጥ ቆሎ አይነፈገውም። በሀገራችን ገጠርም መንገደኛው ከደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ሲል የሚያሳድረው ባለ ቤት ብዙ ጊዜ ከአንድ መደብ በቀር የሌለው ገበሬ ነበር።

ስለዚህ «ጥቂት» የሚባለው ነገር ሦስት ዓይነት መሆኑን ተረዳሁ። አንደኛው የችግር ጥቂት ነው፤ ይህን ማንም አይመርጠውም፥ ማንም ሊያሞግሰው አይገባም። ሁለተኛው የምቾት ጥቂት ነው፤ ይህ የሚገዛ ነው፥ ስድብም ምስጋናም አይገባውም። ሦስተኛው የፍቅር ጥቂት ነው፤ ይህ ለሌላው ሥፍራ ለመተው የራስን ማሳነስ ነው። የእኔ ስሕተት ሁለተኛውን ገዝቼ በሦስተኛው ስም መጥራቴ ነበር። ሦስተኛውን የሠራው አልጋውን የለቀቀው የሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ እርሱ ግን ስሙን እንኳ አያውቀውም።

ከእናንተ አንዱ «ሰው ደክሞት ብቻውን ማደር ኀጢአት ነውን?» ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። አይደለም። ዕረፍት የሚያስፈልገው ሰው ዕረፍት ይሻ፤ ብቻ ዕረፍቱን ዕረፍት ብሎ ይጥራው። ማንም የማይቀመጥባቸው በወርቅ ቀለም የተለበጡ ወንበሮች ከተደረደሩበት ሆቴልም ይህ ጠባቡ ክፍል ይሻላል፤ ያነሰ መሬት ይይዛል፥ ያነሰ ገንዘብ ያስወጣል። ዘመዶቼ ሁሉ እንግዳ በመቀበል ብዛት ሲደክሙ አይቻለሁና እንግድነትም ልክ እንዳለው አውቃለሁ። ነገር ግን «አላስቸግርም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ «አታስቸግሩኝ» ማለቱ እንደ ሆነ ራሱን ይመርምር። ከሰው ምንም የማይቀበል ሰው ለሰው ምንም ላለመስጠት መንገድ እየጠረገ ነውና።

በአራተኛው ቀን ማታ ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ስቤ አወጣሁ። የቀረው ሌሊት ገንዘብ እንደማይመለስልኝ ተነግሮኝ ነበር፤ ይሁን ብዬ ሄድሁ። በአክስቴ ቤት ያደርሁት አዳር ደኅና አዳር ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። አልጋው ለቁመቴ አጭር ነበር። ከማለዳው በፊት ሰው ሥራ ሊሄድ ሲነሣ መብራት ይበራል። ልጁም ከወለሉ ላይ ሆኖ «ተኝተሃል?» እያለ አራት ጊዜ ቀሰቀሰኝ። በአራተኛው ጊዜ አልተኛሁም አልሁት፤ እስኪነጋ ድረስ ስለ ትምህርት ቤቱ ነገረኝ።

ቁርስ ላይ ስንቀመጥ ወንበሩ ለሁላችን አልበቃም። አክስቴ ከማድ ቤት አንድ የተገለበጠ ባልዲ አመጡና ትራስ ጣል አድርገውበት «ና፥ ተቀመጥ» አሉኝ።

ወጣቶች ሆይ፥ ነገ ቤት ትይዛላችሁ፤ ምናልባትም ከእኛ ቤት የጠበበ ይሆናል። ዕቃችሁን አሳንሱ፤ የማትለብሱትን ስጡ፤ ግድግዳችሁም ባዶ ቢሆን አያሳፍርም። ሁለተኛውን ወንበር ግን አትጣሉ።