ለማይታዘዝ እጅ ተጠያቂው ማን ነው?

የሰው ልጅ አሳብ የሚገለጸው በእጁ ሥራ ነው። ከሰቆጣ አጠገብ ከአለት የተፈለፈለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ምስክር ነው፤ በመቃ ብርዕ ብራና ላይ የሚጽፈው ቁም ጸሐፊም እንዲሁ።

ይሁን እንጂ እጅ ለባለቤቱ የማይታዘዝበት ጊዜ አለ። ብርዕ ሲጨብጥ ጣቶቹ ይኮማተራሉ፤ አንጓው ይጣመማል። ያው እጅ እንጀራ ሲቆርስ ግን ጤነኛ ነው። ተመልካችም «ሰንፎ ነው» ወይም «ቡዳ በልቶት ነው» ለማለት ይቸኩላል። ታዲያ ለማይታዘዝ እጅ ተጠያቂው ማን ነው?

ሕመሙ ያለው በጡንቻው ሳይሆን እንቅስቃሴን በሚመራው አንጎል ውስጥ ነው። አንዱን ጡንቻ ሲያዝዝ ሌላውን የሚገታው ልጓም ላልቷል። በ1977 ዓ.ም. (1985 እ.ኤ.አ.) አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ፣ ራስ ላይ የተያዘ የሽቦ ጥቅል በሚፈጥረው የማግኔት ኃይል፣ አጥንት ሳይከፈት አንጎልን ማነቃቃት እንደሚቻል አሳዩ። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ሙከራዎች፣ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል የሚሰጥ ዝግ ያለ ምት የአንዳንድ ሕሙማንን ጽሕፈት ለጥቂት ጊዜ አሻሽሏል። የጸና ፈውስ ግን ገና አልሆነም።

ጠመኔው ለሚከዳው የሰቆጣ መምህር መሣሪያው ሩቅ ነው፤ የሚያስተምረው ቁም ነገር ግን ቅርብ ነው። ሰነፍ ጉልበቱን ይቆጥባል፤ ይህ ሕመምተኛ ግን ለአንዲት ፊደል የቀን ጉልበቱን ያፈስሳል፤ በታገለም ቁጥር እጁ ይብስበታል። ወቀሳ የሚገባው መሥራት እየቻለ እንቢ ላለ ነው። እንግዲያስ ሰውን በሥራው ፍሬ ብቻ የምንመዝን ሁሉ ሚዛናችንን እንመርምር። መሣሪያው እስኪደርስ ድረስ ፍርዳችንን ማቅናት በእጃችን ነው።