ማንም የማያየው ዓሣ ምን ዋጋ አለው?



ከኮሎምበስ በስተ ምዕራብ በሚፈሰው ቢግ ዳርቢ ክሪክ ውስጥ ከ100 በላይ የዓሣ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ብዙዎቹ ከጣት የማይበልጡ ናቸው። ሙቀት ሲገባ እየሄድኩ አያቸዋለሁ። ውሃው ሳሳ ብሎ በጠጠር ላይ በሚሮጥበት ቦታ፣ ጥላዬ ውሃው ላይ እንዳያርፍ ተጠንቅቄ ዳር እቀመጣለሁ። ለረጅም ጊዜ ምንም አይታይም። ከዚያ ጠጠር የመሰለው ነገር ዘለል ይላል፤ ዓሣ ነው። ድንጋይ አላነሳም፤ ከሥሩ እንቁላሉን የሚጠብቅ ሊኖር ይችላል።

አሁን የማይታይ አንድ ዓሣ ግን አለ። ሲዮቶ ማድቶም ይባላል፤ ትንሽ የአምባዛ ዘመድ ነው። የኦሃዮው ተመራማሪ ሚልተን ትራውትማን እ.ኤ.አ. በ1943 አገኘው። እስከ 1957 ድረስ በጠቅላላ 18 ብቻ ተያዙ፤ ሁሉም ከዚሁ ጅረት። ከዚያ በኋላ ያየው የለም። ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው በ1969፣ የሕግ ጥበቃ ያገኘው በ1975 ነው። በ2023 መንግሥት ከምድር መጥፋቱን አወጀ። ስሙም ጥበቃውም የደረሱት ከጠፋ በኋላ ነበር ማለት ይቻላል።

«ታዲያ ምን ይጠቅም ነበር?» የሚል ይኖራል። እኔ ኢንጂነር ነኝ፤ በሙያዬ ሥራ የሌለው ክፍል ከንድፉ ይወጣል። «እንዲህ ያሉ ዓሦች የውሃውን ንጽሕና ያሳያሉ» ብዬ ልመልስ እችላለሁ፤ እውነትም ነው። ግን ነገ ንጽሕናውን የሚለካ መሣሪያ ቢተከል ዓሣው ሊቀር ነው?

ይህን ጥያቄ እናንተ ከማንም በላይ ልታውቁት ይገባል። ስለ ወላጆቻችሁ «ይሠራሉ፣ ግብር ይከፍላሉ» ብለው የሚከራከሩላቸው ሰዎች በጎ አሳቢዎች ናቸው። ሆኖም ክብር በጥቅም ብቻ ከተመዘነ፣ የታመመና ያረጀ ሰው ምን ሊሆን ነው?

ቁርኣን እንስሳትን እንደኛው ኡማ አድርጎ ይገልጻቸዋል። ምድርም በእጃችን ያለች አማና ናት። አማና የተቀበለ ሰው የሚጠየቀው ዕቃው ለእሱ ምን እንደጠቀመው ሳይሆን እንዴት እንደጠበቀው ነው። ዓሣው ማንም ባያየውም ፈጣሪው ያየዋል፤ ዋጋው በእኛ ማየት አልጀመረም።

የእኛ ማየት የሚያስፈልገው ለኃላፊነታችን ነው፤ ያላወቁትን መጠበቅ አይቻልምና። በወላጆቻችሁ አገር፣ በጣና ሐይቅ ውስጥም ሎች የሚባል ትንሽ የወለል ዓሣ አለ። ሳይንስ በ1902 መዝግቦታል፤ ከእኛ ግን ስሙን የሰማ ጥቂት ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ዳርቢ ውረዱ። መረብም ባልዲም አትያዙ። ዝም ብላችሁ ተቀመጡና የአካባቢያችሁን ነዋሪዎች ተዋወቁ፤ ገና እያሉ።