የጨረታ ምስጢር የማን ገንዘብ ነው?

አንድ ነጋዴ ዋጋውን ጽፎ፣ ፖስታውን አሽጎ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የጨረታ ሳጥን ውስጥ ሲጨምር የሚሰጠን ወረቀት ብቻ አይደለም። (ዛሬ በኮምፒዩተር የሚገባም አለ፤ ነገሩ ግን አንድ ነው።) የድካሙን ስሌት፣ የትርፉን ልክ፣ አንዳንድ ጊዜም ሌሊት ተቀምጦ ያወጣውን የሥራ ዕቅድ ነው። እኛም የምንቀበለው በስጦታ ሳይሆን በአደራ ነው።

ምስጢርን በገንዘብ የሚሸጠውን ሰው ጥፋት ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው የጦር መሣሪያ ግዥ ምርመራ በ1988 ይፋ በወጣ ጊዜ፣ አማካሪዎች የተወዳዳሪዎችን ምስጢር ከመንግሥት ሹማምንት እያገኙ ለኩባንያዎች ሲሸጡ መኖራቸው ታወቀ። ከ60 የሚበልጡ ሰዎችና ኩባንያዎች ጥፋተኞች ሆኑ፤ በባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ሹም የነበሩት ሜልቪን ፔዝሊም በ1991 ጥፋታቸውን አምነው የ4 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

የሚያስቸግረን ሌላው ሰው ነው። እርሱ ጉቦ አይነካም። ነገር ግን የአንዱን ዋጋ አይቶ ለሁለተኛው፣ «ከዚህ ዝቅ ብትል ሥራው ያንተ ነው» ይለዋል፤ መንግሥትም ገንዘብ ያተርፋል። «ለአገሬ እንጂ ለኪሴ አላደረግሁትም» ቢለን ምን እንመልስለታለን? አሳቡን እናከብርለት ይሆናል፤ ሥራውን ግን ልንቀበለው አንችልም። የሰው ገንዘብ በአደራ ተቀብሎ ለድኻ የመጸወተ ሰው፣ ምጽዋቱ መልካም ቢሆንም፣ አደራ በላ ከመባል አይድንምና። ደግሞም ትርፉ የአንድ ቀን ነው፤ ዋጋው የተገለጠበት ነጋዴ ሁለተኛ ወይ አይመጣም፣ ወይም እንደሚገለጥበት አውቆ ዋጋውን አስቀድሞ ያስወድዳል።

ይህን ስንል ምስጢር ሁሉ ለዘለዓለም ይታሸግ ማለታችን አይደለም። አዋጅ ቁጥር 649/2001 ፖስታው ተጫራቾች ባሉበት ተከፍቶ ዋጋው እንዲነበብ፣ ግምገማው ውጤቱ እስኪገለጥ ድረስ እንዳይወራ፣ በኋላም የተሸነፈው የተሸነፈበትን ምክንያት እንዲያውቅ አዝዞ ነበር። ከዚህ በኋላ «ምስጢር ነው» የሚል ሹም የሚጠብቀው የነጋዴውን አደራ ነው ወይስ የራሱን ስሕተት? ደፍረን እንናገርና፣ ብዙ ጊዜ የራሱን ነው።

ታዲያ ኮሚቴው ነጥብ ሲለውጥ በዓይኑ ያየ ጸሐፊ ዝም ይበል? የተጫራቹን ዋጋ ለወዳጁ ማውራት አይገባውም። የነጥቡን መለወጥ ግን ለመርማሪው ቢያመለክት አደራውን አልበላም፤ ምስጢሩ የተሰጠው ተጫራቹን እንዲጠብቅበት ነበርና፣ አሁን በዝምታው የሚጎዳው ያው ተጫራች ነው።