ባዶ ቦታው ለማን ነው?

ኮምፒውተሬን ስገዛ ካወጣሁት ገንዘብ ቀላል የማይባለው የሄደው ለባዶ ቦታ ነው። ማዘርቦርዱ አራት የራም ማስገቢያ ነበረው፤ ሁለቱን ክፍት ተውኳቸው። ፓወር ሰፕላዩ 750 ዋት ነው፤ ያሉኝ ዕቃዎች ግን ሁሉም በአንድ ላይ ቢሠሩ የዚያን ሲሶ ቢበሉ ነው። ኬዙ ደግሞ ገና ላልተገዛ ረጅም ግራፊክስ ካርድ ተብሎ የተመረጠ። የእንግዳ ክፍል ሠርቶ እንግዳውን ዓመት ሙሉ የሚጠብቅ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ።

ነገሩ 2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት እያደረግኩ እኖራለሁ፤ ቤተሰቦቼ መንዝ ናቸው፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ። ያጠራቀምኩት ስላልበቃ አባቴ በጎች ሸጦ ሞላልኝ። 450 ዋቱ ለያዝኩት ዕቃ ይበቃ ነበር። ወደ 750 ከፍ ያልኩበት ልዩነት የአንድ በግ ዋጋ ያህላል፤ ይህንን እያወቅኩ ነው የገዛሁት። አባቴ ዕቃውን አገላብጦ አየና፣

"ይሄ ትልቅ የሆነው ለምንድን ነው?" አለኝ።

"ለወደፊት ነው፣ አባዬ።"

"ጥሩ። ወደፊቱ መቼ ነው?"

መልሱ ደብተሬ ላይ ተጽፏል፦ በስድስት ወር ግራፊክስ ካርድ፣ በዓመቱ ራም፣ በሁለት ዓመት ፕሮሰሰር። እንዲያው ለራሴ ጠበቃ ልቁምና፣ ዕቅዱ ሞኝነት አልነበረም። ኤኤምዲ ኤኤም4 የተባለውን ሶኬት ያወጣው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። በ2018 ቢ450 ማዘርቦርድ የገዛ ሰው ባዮሱን አድሶ በ2022 የወጣውን ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ እዚያው ላይ መሰካት ይችላል። ዕቃ ሁሉ በዶላር በሚገባበት አገር፣ ሁሉንም ሳይጥሉ አንዱን ብቻ መቀየር መቻል ቅንጦት አይደለም። ፓወር ሰፕላይም ቢሆን ደህናው ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ መጀመሪያ አስፍቶ መግዛት ምክንያት አለው። በዚህ እስከ ዛሬ አልጸጸትም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ካርዱ ከደብተሬ ወጥቶ ሄደ ማለት ነው።

ይሄ ግን የማንም ጥፋት አይደለም፤ የብዙዎቻችን ታሪክ ነው። የኔ ጥፋት ሌላ ቦታ ነው ያለው።

አያቴ ሱፍ ስትፈትል የምታወራው ተረት ነበራት፤ በግ ጠባቂ ልጅና ጭላዳ ጉም ውስጥ መንገድ ስለጠፋባቸው። መንዝ ባና የሚሠራበት አገር ነው፤ እኔም ያደግኩት እሷ በፈተለችው ባና ስር ተኝቼ ነው። ኮምፒውተሩን የገዛሁት ያንን ተረት አኒሜሽን ላደርገው ነበር። ድምጿን ቀድቼ፣ በብሌንደር ልሥለው። "ካርዱ ሲገባ" አልኩ። ፋሲካ ሄጄ አልቀዳኋትም፤ ለመስቀልም እንዲሁ። እሷ "ያ ጉድህ አላለቀም?" ትለኛለች፣ እኔ "ትንሽ ቀረው እማማ" እላለሁ።

ባለፈው ጥር ስሄድ ተረቱን ጀመረችልኝና መሃል ላይ ቆመች። ጭላዳው ልጁን ምን እንዳለው ጠፋባት። ሌላ ቀን ትቀጥለዋለች ብዬ ሦስት ቀን ቆየሁ። አልቀጠለችውም።

ድምፅ ለመቅዳት እኮ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግም። ስልኬ ይበቃ ነበር። የብሌንደር ግሪስ ፔንስል፣ በእጅ የሚሣለው ማለቴ ነው፣ 4 ጊጋባይት ባላት አሮጌ ካርዴም ይሠራል። ይህን ያኔም አውቅ ነበር፤ ለሌሎች ሰዎች ራሴ አስረድቻለሁ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ለነገ ቦታ መተው መቼ ነው ጥንቃቄ የሚሆነው፣ መቼ ነው መደበቂያ?

ከመሐል ሜዳ ብዙ ሳይርቅ ጓሳ አለ። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ውርጫማ ምድር፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት። የመንዝ ሰው ቄሮ በሚባል ነባር ሥርዓት (ስሙን ከሌላው ጋር አታምታቱት) የጓሳውን ሣር ይከለክል ነበር፤ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ነው። አንዳንዴ 3 ዓመት፣ አንዳንዴ 5 ዓመት ይዘጋል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ዛሬ ኅብረተሰቡ በሌላ መልክ ይጠብቀዋል።

ድሮ ስለ ጓሳ ሳስብ የሚገርመኝ መዝጋቱ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት መታገስ! አሁን የሚገርመኝ መክፈቱ ነው። ክዳኑ ያረጀበት ሰው ብቻውን ተነስቶ አያጭድም፤ ሣሩ ያማረለት ሰውም "ገና ይደግ" እያለ ብቻውን አያዘገይም። የሚዘጋውም የሚከፈተውም ሰው መክሮበት ነው፣ የስንቱ ጣራ እንደሚያፈስ እየታየ። በኔ ቤት ግን ዘጊውም ከፋቹም እኔ ነበርኩ። ጣራው የሚያፈሰው አያቴ ላይ፣ ቀኑን የምቆርጠው እኔ። ለዚያውም በአባቴ በግ።

"ራስህን አትውቀስ፣ ሰው ያረጃል" ያለኝ ጓደኛ አለ። እውነቱን ነው፣ ማርጀቷን እኔ አላመጣሁትም። ግን ሁለት በዓል አጠገቧ ተቀምጬ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር።

የካቲት ላይ ተመልሼ የምታስታውሰውን ሁሉ ቀዳሁ፤ 11 ደቂቃ ሆነ። አባቴም ከልጅነቱ የሚያስታውሰውን ጨመረበት፤ እሱ የሚያውቀው ግን ጭላዳው ዝም ያለበትን ነው። ሥዕሉን ጀመርኩ። በሦስተኛው ወር ላይ የጉሙ ትዕይንት ራሙን ሞልቶ ፕሮግራሙን ደጋግሞ ዘጋብኝ። ያኔ ለአባቴ ደወልኩና ምን እንደገጠመኝ አሳየሁት፤ በቪዲዮ ጥሪ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን።

"እና ምን ይሻላል?"

"ሁለት ክፍት ቦታ አለኝ፣ አባዬ።"

"ታዲያ ሙላዋ።"

ሁለት ያገለገሉ ራሞች ገዝቼ ሰካኋቸው። የካርዱ ቦታ አሁንም ባዶ ነው። ፊልሙ ውስጥ አያቴ የቆመችበት ጋ ስደርስ ልጁና ጭላዳው ጉም ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የሚሰማው የእንዝርቷ ድምፅ ብቻ ነው።